ልብ ሲቆም ሥራ የምትጀምር ልጅ

አንዲት ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ስሟ ናርዶስ ይባላል። ዲዳ አልነበረችም፤ ጨዋ ነበረች እንጂ። ታክሲ ስትሳፈር «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚከብዳት ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቃ አብራው ትወርዳለች፤ በዚህም የተነሳ ብዙ ቀን ሰፈሯን አልፋ በእግሯ ትመለሳለች። ሱቅ ሄዳ ስኳር ጠይቃ ባለሱቁ ሳሙና ቢሰጣት ሳሙናውን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ጎረቤቶቿ «እንዴት ያለች የታረመች ልጅ» እያሉ ለራሳቸው ልጆች ምሳሌ ያደርጓት ነበር፤ እናቷም በዚህ ትኮራለች። በትምህርት ግን የሚቀድማት አልነበረም። አፏ ያላወጣውን ሁሉ እጇ ወረቀት ላይ ያወጣው ነበር።

ናርዶስ አድጋ ነርስ ሆነች። ቀጥሎም በከተማው ያለ አንድ የልብ ሆስፒታል አንድ ሰው አወዳድሮ ለማሠልጠን ማስታወቂያ ሲያወጣ ተፈትና አንደኛ ወጣች። የምትማረው ሙያ በአማርኛ አጭር ስም የለውም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪም የታመመን ልብ ከፍቶ ሲጠግን ልቡ መቆም አለበት፤ የሚዘል ነገር አይሰፋምና። ልቡ በቆመበት ሰዓት ደሙ በቱቦ ወጥቶ ወደ አንድ ማሽን ይገባል፤ ማሽኑም ኦክስጅን ሰጥቶ ወደ ሰውነት መልሶ ይገፋዋል። ለዚያች ሰዓት የሰውየው ልብም ሳንባም ማሽኑ ነው። ከማሽኑ ኋላ ደግሞ ደሙን የሚነዳ፣ ፍሰቱን የሚመጥን፣ አንዲት የአየር አረፋ እንዳታልፍ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይቆማል። ናርዶስ የምትሆነው ያንን ሰው ነው። እናቷ ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ቢያቅታት «ደም የምትነዳ ሾፌር ሆነች» ብላ ተገላገለች። ጎረቤቶቹም ለመንጃ ፈቃድ ይህን ያህል ዓመት መማር ለምን እንዳስፈለገ ሲነጋገሩ ሰነበቱ።

ሁለት ዓመት ተምራ ስትጨርስ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ቀራት። በዚያ ጊዜ የምትቆመው ከጋሽ ውብሸት ጎን ነው። ጋሽ ውብሸት ከማሽኑ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩ፣ ፀጉራቸው ያለቀ፣ ቀልዳቸው ያላለቀ ሰው ናቸው። ስድስቱ ወር ሲሞላ በአንድ ወረቀት ላይ «ብቻዋን መቆም ትችላለች» ብለው ይፈርማሉ፤ ወይም አይፈርሙም። ካልፈረሙ ናርዶስ ወደ ነርስነቷ ትመለስና ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እሷ ደግሞ ይህን ሥራ ከምንም በላይ ወድዳዋለች። ደሙ ጥቁር ቀይ ሆኖ ገብቶ ደማቅ ቀይ ሆኖ ሲወጣ ባየች ቁጥር ደስ ይላታል፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረችም።

ችግሩ አንድ ነው። በቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሐኪም ማሽኑን አያይም። ማጉያ መነጽሩን አድርጎ ዓይኑ ደረት ውስጥ ነው፤ ከማሽኑ ኋላ ያለውን ሰው የሚያውቀው በድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ «ፍሰት ቀንሺ» ሲል ባለማሽኗ «ፍሰት እየቀነስኩ ነው» ብላ ጮክ ብላ መመለስ አለባት። ከቀነሰችም በኋላ «ፍሰት ሁለት ሊትር» ብላ ቁጥሩን ትናገራለች። ይህ ሕግ ነው፤ ማንም አይዘለውም። በናርዶስ ቤት ግን ታላቅ የተናገረውን ቃል ፊቱ ላይ መድገም ማላገጥ ነበር። አባቷ «በሩን ዝጊ» ሲሉ «በሩን እየዘጋሁ ነው» ብትላቸው ኖሮ ከበሩ በፊት የሚሰማው የጥፊው ድምፅ ነበር። እሷ የምታውቀው መልስ ያችን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋትን፣ አገሬው ሁሉ ከንፈሩን ከፈት አድርጎ «አዎ» የሚልባትን ነው።

ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩት ዶክተር አስናቀ ይባላሉ። እጃቸው የተባረከ፣ ትዕግሥታቸው ያጠረ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት «ፍሰት ቀንሺ» አሉ። ናርዶስ ወዲያው ቀነሰች፤ ትንፋሿን ሳብ አደረገች፤ ራሷንም ነቀነቀች። ይህን ያየው ማሽኑ ብቻ ነው። ዶክተሩ ደገሙት፤ እሷም ደግማ ነቀነቀች። በሦስተኛው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ እዚያ ሰው አለ ወይስ ማሽኑን ለብቻው ትታችሁት ሄዳችሁ ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ናርዶስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጋሽ ውብሸት ግን ተስፋ አልቆረጡም። ከሥራ በኋላ ወደ ዕቃ ክፍሉ ወስደው በደም ፋንታ ውሃ የሚዞርበት አሮጌ ማሽን ፊት አቆሟት። ራሳቸው ከክፍሉ ማዶ ሄደው የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈቱትና ትእዛዝ ይሰጧት ጀመር። መልሷ ከቧንቧው ጩኸት በላይ ካልተሰማቸው ቆመው ቧንቧውን ብቻ ያያሉ። ናርዶስ አንድ ቀን ተስፋ ቆርጣ፣ እናቷ «ዝም አይነቅዝም» እያለች እንዳሳደገቻት ነገረቻቸው። ጋሽ ውብሸት «እናትሽ እውነቷን ነው፤ ዝም አይነቅዝም» አሉና ወደ ማሽኑ እያመለከቱ «ደም ግን ይረጋል» አሏት።

ከዚያም የቤት ሥራ ሰጧት፤ ከነገ ጀምሮ ከታክሲ የምትወርደው ራሷ «ወራጅ አለ» ብላ ነው። በማግስቱ ናርዶስ ሰፈሯ ከመድረሷ በፊት ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሰዓቱ ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና ከልጅነቷ ጀምሮ የተጠራቀመውን ድምፅ ባንዴ ለቀቀችው። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬኑን ረገጠ፤ አንዲት ሴትዮ የያዙት ቲማቲም ወለሉ ላይ ተበተነ። ረዳቱ ቲማቲሙን እየለቀመ «እህቴ፣ ቀስ በይ፣ እኛም እኮ ልብ አለን» አላት። ናርዶስ እያፈረች አብራ ለቀመች። በሦስተኛው ሳምንት ግን መጠኑን አገኘችው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ድምፅዋ ወጣ። በአራተኛው ወር ዶክተር አስናቀ ሲናገሩ መልሱ ሳይዘገይ፣ ጥርት ብሎ ይመጣላቸው ጀመር። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው አላመሰገኑም፤ መቆጣት ተዉ እንጂ። ናርዶስ ነገሩ አለቀ ብላ ደስ አላት። ጋሽ ውብሸት ግን ወረቀቱን ገና አላነሱም ነበር። ምን እንደቀራት ብትጠይቃቸው እንዲህ አሏት፦

«የተባልሽውን ጮክ ብለሽ መመለስ ለምደሻል። እሱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ማንም ያላለሽን መናገር ነው።»

እሱስ እንዴት ይለመዳል ብትላቸው፣ በታክሲ የሚለመድ እንዳልሆነና እሳቸውም የለመዱት ዘግይተው እንደሆነ ነገሯት። ምን ያህል ዘግይተው እንደሆነ ግን አልተናገሩም። ፊታቸው ጥቂት ጨለም አለና ወሬ ቀየሩ።

ስድስተኛው ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ በሽተኛ ተኙ። የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። በልጅነታቸው የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ ከልባቸው በሮች አንዱን አበላሽቶታል፤ ዛሬ ከገበያው በር እስከ መደባቸው ለመድረስ ሁለት ጊዜ ይቀመጣሉ። ድምፃቸው ግን አልታመመም፤ ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ናርዶስ የማሽኑን ፍሰት ለማስላት ቁመታቸውንና ክብደታቸውን ልትለካ ከሰዓት በኋላ ሄደች። ሴትየዋ ሚዛኑ ላይ እንደቆሙ፣ ይህን ሁሉ መለካት ለምን እንዳስፈለገና እሷ ምኑ እንደሆነች ጠየቋት።

«ነገ ልብዎ ሲያርፍ በእሱ ፋንታ የምሠራው እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ቀጭን ናት፤ እጇም ትንሽ ነው። በገበያ ሰው ዓይን መዘኗትና «አርባ አምስት ዓመት ሳይቦዝን የሠራ ልብ ነው። ዕረፍት እንዳታስለምጂብኝ፣ አደራ» አሏት። ናርዶስ ሳቀች። ስትወጣ ግን ያ አደራ የሚለው ቃል ከሚዛኑ ላይ ካነበበችው ቁጥር ጋር አብሮ ወረቀቷ ላይ የተጻፈ ያህል ተሰማት።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። ጋሽ ውብሸት እጃቸውን አጣጥፈው ከኋላዋ ቆሙ። ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ነግረዋታል። ዶክተር አስናቀ ደረቱን ከፈቱና ሄፓሪን እንዲሰጥ አዘዙ። ሄፓሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። እሱ ሳይሰጥ ደሙ ወደ ማሽኑ ከገባ በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦው ውስጥ ይረጋል፤ በሽተኛውም አይተርፍም። የማደንዘዣው ሐኪም መድኃኒቱን በሲሪንጅ ቀድቶ ሊሰጥ ሲል የወይዘሮ ደብሪቱ የደም ግፊት ወረደ። ሲሪንጁን አስቀምጦ አጎንብሶ ግፊቱን ሲያስተካክል ቆየ።

በዚህ መሀል ዶክተሩ ሄፓሪን ተሰጠ ወይ ብለው ጠየቁ። ያጎነበሰው ሐኪም አልሰማም። አጠገቡ ያለው ረዳት ሰማ። ሲሪንጁ ሲቀዳ በዓይኑ አይቷል፤ የተቀዳ ነገር ሳይሰጥ ይቀራል ብሎ አላሰበም። አንድ ጊዜ ሐኪሙን ጠይቆ ማረጋገጥ ይችል ነበር፤ ግን ዶክተር አስናቀን ማን ያስጠብቃል? ራሱን ነቀነቀ፤ ትንፋሹንም ሳብ አደረገ። መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ እሱን አይታ «ተሰጥቷል ዶክተር» አለች። እንግዲህ እዩት፤ ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሁለቱም አልዋሹም። አክባሪዎች ናቸው። ያልተደረገው ነገር ግን በእነሱ አክብሮት ተደረገ ተባለ።

ደሙ ለማሽኑ መዘጋጀቱ በመጨረሻ የሚለካው በናርዶስ አጠገብ ባለች ትንሽ መሣሪያ ነው። ጥቂት ደም ይደረግባትና እስኪረጋ ድረስ ሰከንድ ትቆጥራለች። መድኃኒቱ የገባበት ደም ከአራት መቶ ሰማንያ ሰከንድ በላይ መቆየት አለበት። ዶክተሩ ቱቦዎቹን አስገብተው ሲጨርሱ መሣሪያዋ ጮኸች። ናርዶስ ዞር ብላ አየች። መቶ ሃያ ስምንት ይላል።

«ማሽን ጀምሪ» አሉ ዶክተሩ።

ናርዶስ ቁጥሩን ደግማ አየችው። ያው ነው። ሄፓሪን ተሰጥቷል ሲባል በጆሮዋ ሰምታለች። መሣሪያዋ ደግሞ ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ተሳስታ ነበር፤ ዛሬስ ብትሳሳት? የሴትየዋ ግፊት እንደገና መውረድ ጀምሯል፤ የደከመ ልብ ብዙ አይጠብቅም። እሷ የስድስት ወር ጀማሪ ናት፤ እሳቸው ዶክተር አስናቀ ናቸው። ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ነው። አስቀድሞ የተናገረን ሰው ይጠላዋል የሚለው ተረትም ባልተፈለገበት ሰዓት ትዝ አላት። ዶክተሩ «ጀምሪ እኮ አልኩ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሏል። ናርዶስ ፈራች። ያቺ የድሮዋ ትንፋሽ ሳብ ልትል ከንፈሯ ተከፈተ።

«አልጀምርም» አለች።

ዶክተር አስናቀ በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደረቱ ላይ ቀና ብለው አዩዋት።

«ምን አልሽ?»

«አልጀምርም ዶክተር። ደሙ በመቶ ሃያ ስምንት ሰከንድ ረግቷል። ሄፓሪኑ አልገባም።»

«ተሰጥቷል ተብያለሁ።»

«ማን ሰጠው?» አለች ናርዶስ።

ነርሷ ረዳቱን አየች፤ ረዳቱ ሐኪሙን አየ፤ ሐኪሙ መደርደሪያውን አየ። ሲሪንጁ እንደተሞላ እዚያው ተጋድሟል። ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኖ «እኔ ጋ ነው። አልሰጠሁትም» አለ። ለዚህ ቃል እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ጥፋትን በሙሉ ድምፅ መናገር ቀላል አይደለም።

መድኃኒቱ ተሰጠ። ሐኪሙ «እየሰጠሁ ነው» አለ፤ ቀጥሎም መጠኑን ጠቅሶ «ሰጠሁ» አለ። ዶክተር አስናቀ ቱቦዎቹን አውጥተው ፈተሹ፤ የረጋ ነገር አለመኖሩን አይተው፣ አጥበው መለሱ። ናርዶስ ደሙን እንደገና ለካች። መሣሪያዋ መቁጠር ስትጀምር የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ሁሉም ዓይኑን ጥሎባት ይጠብቃል። መቶ ሃያ ስምንትን አለፈች፤ ሦስት መቶን አለፈች፤ አራት መቶ ሰማንያን አልፋ ስትሄድ ናርዶስ ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች። ዶክተር አስናቀ «እንግዲህ እርስዎ ከፈቀዱልን እንጀምር» አሏት። ስድስት ወር ሙሉ «አንቺ» ያሏትን ልጅ ነው። ክፍሉ ሳቀ፤ ይኸኛው ሳቅ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ሳቅ አይመስልም ነበር። ናርዶስም «እየጀመርኩ ነው» ብላ ጀመረች።

የወይዘሮ ደብሪቱ ልብ ቆመ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ የበርበሬ ነጋዴዋ ደም በናርዶስ እጅ ሥር ዞረ። ፍሰት ሲባል ፍሰት፣ ሙቀት ሲባል ሙቀት እየተናገረች ቆመች። የተበላሸው የልብ በር ወጥቶ አዲሱ ተሰፋ። በመጨረሻ ልቡ እንዲነሳ ሲደረግ አንድ ጊዜ እንደ መንቀጥቀጥ አለ፤ ቀጥሎ መታ፤ ቀጥሎ ሥራውን ያዘ። ናርዶስ ፍሰቷን ቀስ በቀስ ቀነሰችና ማሽኑ መቆሙን ተናገረች። በአምስተኛው ቀን ወይዘሮ ደብሪቱ በኮሪደሩ ያለ ምርኩዝ እየሄዱ፣ የሆስፒታሉ ሾርባ በርበሬ የሚባል ነገር አይቶ እንደማያውቅ ለሁሉም ያስረዱ ነበር።

በቀዶ ጥገናው ቀን ግን ናርዶስ ያገለገሉትን ቱቦዎች እየፈታች ሳለ ዶክተር አስናቀ መጡ። ቁጣ ጠብቃ ነበር። እሳቸው አንዲት ዱካ ስበው ተቀመጡ። ለምን አልጀምርም እንዳለች እንደማይጠይቋት ነገሯትና «ከመናገርሽ በፊት የፈራሽው ምንን ነው?» አሏት።

ናርዶስ ሌላ መልስ ማማረጥ ትችል ነበር። የሴትየዋን ሞት ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ እውነትነትም አለው። ግን አንድ ጊዜ የወጣ ድምፅ መልሶ አይገባም።

«እርስዎን» አለች። «እሳቸው እንዳይሞቱም ፈርቻለሁ። አስቀድሜ የፈራሁት ግን እርስዎን ነው።»

ዶክተር አስናቀ ረዳቱ ራሱን የነቀነቀውም ለዚሁ እንደሆነ፣ ነርሷም ሳታረጋግጥ የተናገረችው ለዚሁ እንደሆነ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የሚታዘዙኝ ሰዎች ከብበውኛል ብዬ ስኮራ ኖርኩ። ለካ የሚደበቁኝ ሰዎች ናቸው» አሉና ተነሱ። በማግስቱ ሁሉንም ሰብስበው ማንንም ሳይቀጡ የሆነውን ከራሳቸው ጀምረው ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ክፍል ውስጥ ለጥያቄ ራስ መነቅነቅ ቀረ፤ የሰጠው ሰው ራሱ «እኔ ሰጠሁ» ይላል፤ ማንም «ቆዩ» ካለ ሁሉም ይቆያል፣ ጠራጊዋም ብትሆን። ዶክተር አስናቀ በአንድ ቀን መልአክ አልሆኑም፤ በሳምንቱ ስለ አንድ መቀስ ጮኸዋል። ግን ጮኸው ሲጨርሱ «የሚለኝ ያለው ሰው አለ?» ብለው መጠየቅ ለምደዋል።

ጋሽ ውብሸትስ? እሳቸው ያን ቀን እጃቸው መሣሪያዋ ከጮኸች አንስቶ የቱቦው መቆንጠጫ ላይ እንደነበረ ለናርዶስ ነገሯት። ቁጥሩን አይተውታል። እስከ አምስት ሊቆጥሩላት ወስነው በአራት ተናገረች። ወረቀቱን ግን አሁንም አልፈረሙም። ናርዶስ ቅር አላት፤ ምን ቀረኝ ብላ ለመጠየቅም ኮራች።

ከወይዘሮ ደብሪቱ ቀዶ ጥገና በሦስተኛው ቀን ሌላ ቀዶ ጥገና ነበር። ልቡ ቆሞ፣ ማሽኑ እየሠራ፣ ደሙ እየዞረ ሳለ ጋሽ ውብሸት ከኋላዋ «ሻይ አማረኝ» አሉ። ናርዶስ ቀልድ መሰላት። ዓይኗን ከማሽኑ ሳታነሳ የበሩን መከፈትና መዘጋት ሰማች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብ በቆመበት ሰዓት ከዚያ ክፍል ወጥተው የማያውቁት ሰው ወጥተው ሄዱ። ነርሷ ዞር ብላ አየች፤ ዶክተር አስናቀም ለአፍታ እጃቸውን ገታ አደረጉ። ከማሽኑ ኋላ ያለችው ናርዶስ ብቻ ናት፤ ወረቀቱ እንደሚለው ብቻዋን ቆማለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እንባውን የምትጠርግበት እጅ ግን አልነበራትም፤ ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው። ዶክተሩ ወደ ሥራቸው ተመለሱና «ፍሰት ጨምሪ» አሉ። እሷም «ፍሰት እየጨመርኩ ነው» አለች።

ወዳጆቼ፣ ጨዋነት ጥሩ ነገር ነው፤ አክብሮትም ያማረ ነው። ነገር ግን ሰው አደራ በሰጠን ነገር ላይ እያወቅን ዝም ካልን፣ ጨዋነታችን የሚጠብቀው እኛን እንጂ አደራ ሰጪውን አይደለም። በታላቅ ፊት እውነት መናገርም ታላቅን ማዋረድ አይደለም፤ ከጥፋት ማዳን ነው። ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ መታዘዝን ይማራል፤ ባለሙያ የሚሆነው ግን መታዘዝ የማይገባውን ለይቶ በሙሉ ድምፅ የተናገረ ቀን ነው። ይህ ለጀማሪዎች ነው።

ለአለቆች፣ ለአባወራዎች፣ ለእማወራዎች፣ ለመምህራን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራሳችሁ ስጡት። በመጨረሻ ፊታችሁ ቆሞ «አይሆንም» ያላችሁ ሰው ማን ነበር? ያን ሰው ምን አደረጋችሁት?